ከመኪናው በፊት ቦርዱን አሳዩኝ

ደንበኛ ደውሎ «የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ፤ ቻርጀር ትገጥምልኛለህ?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የቦርዱን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ።» አብዛኛው ሰው የሚልከው የመኪናውን ፎቶ ነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ወንበሩን፣ ስክሪኑን። ቦርድ ያልኩት ከቆጣሪው ሥር ያለችውን፣ ክዳኗ የጠፋውን፣ አቧራና የሸረሪት ድር የወረሳትን የብሬከር ሳጥን መሆኑን ሳስረዳው ድምፁ ይቀዘቅዛል።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ተግባረ እድ ተምሬ ከወጣሁ ወዲህ እንጀራዬ የሰው ምጣድ ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ ቤት ሲሠራ የምጣድ መስመር እዘረጋለሁ፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ምጣድ ያቃጠለውን መስመር እቀይራለሁ። አሁን ከሥራዬ ብዙው መኪና ሆኗል። የሥራው መብዛት ለኪሴ ደግ ነው፤ ግን በየግቢው የማየው ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ይህን ጻፍኩ። ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ የባለ መኪናው የግል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። እኔ እንደማየው መኪና የሌለው ጎረቤት ጉዳይ ነው፤ እንዲያውም ከባለ መኪናው ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው።

አመጣጡን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ጀመረ፤ ነዳጅም ተከትሎ ወጣ፤ በ2017 አጋማሽ ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ነዳጅ በዶላር እየገዛ ውኃ ያለው አገር ይህን መንገድ ባይመርጥ ነበር የሚገርመኝ።

ሒሳቡም ያዋጣል። መካከለኛ የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢጠጣ ከ800 ብር በላይ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የቤት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ጭማሪውን ሁሉ ደራርበን፣ ኪሎዋት ሰዓቱን 10 ብር አድርገን ብንቆልለው እንኳ 170 ብር ነው። ስለዚህ ሰዉ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ ብዬ አልወቅስም። የምከራከረው ስለ ሽቦው ነው። መኪናው የዘንድሮ ነው፤ የሚሰካበት ሽቦ ግን ቤቱ ሲሠራ የተዘረጋው፣ በየጊዜው ሰርቪስ ክፍል በተጨመረ ቁጥር እየተቀጠለ የረዘመው የድሮው ሽቦ ነው።

ጭነቱን በምናውቀው ዕቃ እንለካው። ከመኪናው ጋር በቦርሳ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ16 አምፔር ሲሠራ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል ማለት ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ምጣድ ለሳምንት እንጀራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይነቀላል፣ ሽቦውም ያርፋል። መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ አይነቀልም። ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል እንደ ዓይነቷ 30 ወይም 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ አላት፤ ባዶዋን ብትሰካ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትፈልጋለች። ትልቁን ባትሪ የያዘው ፎልክስዋገን አይዲ ፎር ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚይዝ በዚሁ ቻርጀር ከጠዋት እስከ ጠዋት ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚተከለው 7 ኪሎዋቱ ቻርጀር ደግሞ 32 አምፔር ነው፤ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ፣ ሳይነቀል፣ ለሰዓታት።

የተለመደው የቤት ሶኬት በባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የተዘረጋ ነው። ሽቦው እውነተኛ መዳብ ከሆነ፣ ውፍረቱም እንደተጻፈበት ከሆነ፣ መጋጠሚያው በደንብ ከተጠበቀ 16 አምፔርን ይችላል። ሦስቱም «ከሆነ» ግን በአንድ ቤት አብረው አይገኙም። ባለፈው በጋ ቤተል አካባቢ አንድ ግቢ ገብቼ የመኪናውን ሶኬት ፈታሁ። ፊቱ ምንም አልሆነም፤ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። ከጀርባው ግን ላይኑ የታሰረበት ብሎን ጠቁሯል፤ የሽቦው ላስቲክ ቡናማ ሆኖ ደርቆ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። መስመሩን ተከትዬ ጣሪያው ውስጥ ስገባ ሽቦው ሁለት ቦታ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ባለቤቱ «ምንም ችግር አልነበረም እኮ፤ ሲሞቅ ብቻ ትንሽ ይሸታል» አለኝ። ሰዉ የኤሌክትሪክ መኪና እሳት ሲባል ባትሪው ይታየዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሶኬቱና ጣሪያው ውስጥ ያለው ቅጥል ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩን ሌላ ነገር አለ። ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹ ቻርጀሮችና ብሬከሮች መመሪያቸው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አዲስ አበባ ቦሌ አየር ማረፊያው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ተራራው ግርጌ ሲወጣ ደግሞ ይጨምራል። አየሩ ሲሳሳ ዕቃውን የማቀዝቀዝ አቅሙም፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎችን ለያይቶ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። አይሠራም ማለት አይደለም፤ ይሠራል። 32 አምፔር ተብሎ የተጻፈበትን 32 አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ግን ትክክል አይደለም። እኔ ዝቅ አድርጌ ነው የማስተካክለው፤ ደንበኛው ይከፋዋል፤ ይክፋው።

ለመሆኑ 7 ኪሎዋቱ ማን ያስፈልገዋል? ካራ ቆሬ የሚኖር፣ ሜክሲኮ የሚሠራ ሰው ደርሶ መልሱን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስንና ገበያውን ጨምሮ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ነው። ይህ ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ3.5 ኪሎዋት ሁለት ሰዓት። ሰዉ ግን ባትሪው ሁልጊዜ መቶ ፐርሰንት ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጎረቤቱ የግድግዳውን ካስተከለ ደግሞ የሱ ቦርሳ ውስጥ ያለው ቻርጀር የድሃ ይመስለዋል። ለብዙው ደንበኛዬ የምመክረው ከቦርዱ ለብቻው የተሳበ ባለ 6 መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ጠንካራ ሶኬት፣ ቻርጀሩም ከ16 ዝቅ ብሎ በ10 ወይም በ13 አምፔር እንዲሠራ ነው። ሁለትና ሦስት መኪና ያለው ወይም ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ካልሆነ በቀር ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው የሥራዬ ራስ ምታት ልምጣ፤ ግራውንድ።

ኮልፌ ውስጥ ያሉ አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ግራውንድ የላቸውም። ሶኬቱ የግራውንድ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለምጣድ ያለ ግራውንድ ኖረናል። ምጣድ «ሲነዝር» እናቶቻችን በእንጨት ላይ ቆመው ወይም የላስቲክ ጫማ አጥልቀው ጋግረዋል። የመኪና ቻርጀር ግን ይህን አይቀበልም። ሲሰካ መጀመሪያ ግራውንድ መኖሩን ይፈትሻል፤ ከሌለ ቀይ መብራት ያበራና እምቢ ይላል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ለሻጩ ይደውላል፤ ሻጩ «ኤሌክትሪሺያን ጥራ» ይለዋል፤ ኤሌክትሪሺያን የተባለው ልጅ ይመጣና ሶኬቱን ከፍቶ ኒውትራሉን በአጭር ሽቦ ከግራውንዱ ጋር ያገናኘዋል። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ይሆናል። ልጁ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ይመረቃል፤ ይሄዳል።

የተሠራው ሥራ ምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር። የመኪናው አካል፣ ማለትም ቆርቆሮው፣ የበሩ እጀታ፣ የሻንጣው ክዳን፣ ከኒውትራል ጋር ታስሯል። ሁሉም ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አይሰማም። ነፋስና ዝናብ በበዛበት ሌሊት ከምሰሶ የሚመጣው ኒውትራል የላላ እንደሆነ፣ ወይም ቆጣሪው ጋ አንድ ሰው ላይንና ኒውትራሉን አገላብጦ ያሰረ እንደሆነ ግን 220 ቮልት በቀጥታ ወደ መኪናው አካል ይመጣል። ጠዋት እግሩ እርጥብ መሬት የረገጠ ሕፃን እጀታውን ሲይዝ አስቡት። ኒውትራል ሲቆረጥ በኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም፤ አምፖል በድንገት ቦግ ብሎ የሚፈነዳበትን ቀን የማያስታውስ ማን አለ? ቻርጀሩ ቀይ ሲያበራ እየጠበቀን ነበር፤ እኛ አፉን ዘጋነው።

ትክክለኛው ሥራ ከባድ አይደለም። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የመዳብ ዘንግ ግቢው ውስጥ እርጥበት ያለበት ቦታ ይቀበራል፤ አንዱ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመራል፤ ከዘንጉ እስከ ቦርዱ ያልተቆረጠ ሽቦ ይሄዳል፤ ከዚያ በመሣሪያ ይለካል። መለካቱን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። የሚለካውም ቢሆን ሐምሌ ላይ ለክቶ ይረሳዋል። መሬቱ ውኃ በጠገበበት ወር የተገኘ ቁጥር የካቲትና መጋቢት ላይ፣ አፈሩ ሲሰነጠቅ፣ አይገኝም። ሐምሌ ላይ የተለካ ግራውንድ አላምንም፤ በበጋ ተመልሼ እለካለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሲነዝረው በቅጽበት የሚቆርጠው የሊኬጅ ብሬከር የሚታሰረው። ደንበኞች ይህን ብሬከር አይወዱትም፤ «ያለ ምክንያት ይቆርጣል» ይላሉ። ያለ ምክንያት አይቆርጥም። ከጣሪያው ሥር የሆነ ቦታ የሆነ ሽቦ ግድግዳውን እየነካ ነው፤ ለዓመታት ማንም ሳያውቀው ሲነካ ኖሯል።

የቆጣሪ ነገር ሌላ ነው። ዓለም ባንክ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ተጠርቼ ሄድኩ። ዋናው ቤት ውስጥ የግቢው ባለቤት እማማ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ በግቢው ዙሪያ ሰርቪስ ክፍሎች በተርታ ተሠርተው ተከራይተዋል። ቆጣሪው አንድ ነው። ካርድ ሲያልቅ ገንዘብ የሚዋጣው በአምፖልና በዕቃ ብዛት ነው፤ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል፣ የሌለው ይህን ያህል። ከተከራዮቹ አንዱ የራይድ ሹፌር ሲሆን ሲጋል ገዝቷል። «ጋሼ፣ የፈለጉትን ያህል እከፍላለሁ ብያቸዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ አስረዱልኝ» አለኝ። እማማ ደግሞ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ መኪናውስ ይሰካ፤ ሥራው ነው። ግን ማታ ልጆቹ ሲያጠኑ መብራት እንዳይጠፋ፤ ዓርብ ደግሞ እንጀራ አለብኝ» አሉ። እኔ እስከዛሬ የሰማሁት የጭነት አስተዳደር ዕቅድ ከዚህ የተሻለ የለም።

ዋናው ብሬከር 40 አምፔር ነበር። ምጣዱ ብቻ 16 ይወስዳል፤ ቦይለሩ፣ ምድጃው፣ ካውያው አለ። 32 አምፔር የሚስብ ቻርጀር እዚያ ላይ ማሰር ቀልድ ነው። ቻርጀሩን በ10 አምፔር ወስነን፣ ለመኪናው መስመር ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ አስረን፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት እንዲሰካ ተስማማን። በሰባት ሰዓት 15 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለራይድ ሹፌር አይበቃም፤ ቀን ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ሄዶ ይጨምራል። ቢያንስ የዕለት ወጪው በግማሽ ይወርዳል።

ከዚያ ግን እማማ የጠየቁኝ ጥያቄ ላይ ቆምኩ። «ስንት ላስከፍለው?» የቤት ታሪፍ እርከን አለው፤ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። አሁን ያለው የታሪፍ ጭማሪ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ተመን የመጀመሪያው እርከን፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው፣ አንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ዘጠኝ እጥፍ ነው። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ለብቻው 250 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እርከኑ ድሃውን ለመደጎም ታስቦ የተሠራ ነው፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ መኪና ሲሰካ ግን ግቢው በሙሉ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣና አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ቻርጀር ያላት ልብስ አጣቢ የመኪናውን ዋጋ ትካፈላለች። በትንሹ ቆጣሪ ላይ ያለው ቁጥር የሹፌሩን ፍጆታ ይነግረናል፤ በእሱ ምክንያት ሌሎቹ ላይ የተጨመረውን አይነግረንም። እማማ በሰላም አከፋፈሉት፤ የሳቸው ቅንነት ነው እንጂ ሥርዓቱ አላገዛቸውም። የኤሌክትሪክ መኪና የራሱ ቆጣሪና የራሱ ታሪፍ ሊኖረው ይገባል የምለው ለባለ መኪናው አዝኜ አይደለም።

ከግቢው ወጥተን ምሰሶው ላይ ወዳለው ትራንስፎርመር ስንሄድ ደግሞ ጉዳዩ የሰፈር ይሆናል። በየሰፈሩ ከምናያቸው ትራንስፎርመሮች ትልቅ የምንለው 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። ምንም ሌላ ሸክም ባይኖርበት እንኳ በአንድ ጊዜ 45 የግድግዳ ቻርጀር ቢሰካበት ይሞላል። ሌላ ሸክም ግን አለበት፤ በመቶ የሚቆጠር ቤት፣ ወፍጮ፣ የብረት በር የሚበይድ ሱቅ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ቮልቴጁ ሲወርድ አምፖሉ መቅላቱን ሁላችንም አይተናል፤ የበዓል ዋዜማ ሲሆንማ አይነገርም። ባለ መኪናው ደግሞ ከሥራ የሚመለሰውና የሚሰካው በዚያው ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ነው «የጎረቤት ጉዳይ ነው» ያልኩት የሚገባው። ቮልቴጁ ከልክ በታች ሲወርድ ዘመናዊው ቻርጀር ራሱን ያቋርጣል፤ ሲሻሻል ተመልሶ ይጀምራል። መኪናው ምንም አይሆንም። የጎረቤት ፍሪጅ ግን ራሱን የሚያቋርጥበት ዘዴ የለውም። ሞተሩ ሊነሳ ይታገላል፣ ይሞቃል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። ያቺ ጎረቤት ፍሪጁን ልታሠራ እኔ ሱቅ ስታመጣ ማን እንዳቃጠለባት አታውቅም፤ ማንም አያውቅም።

እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በ2010 ዓ.ም. የተመረቀ ተቋም አለ። ማመንጫ አጠገባችን ተተከለ ብለን ምጣዳችን ፈጥኖ አልጋለም፤ አይግልምም። የሕዳሴውም እንዲሁ ነው። ግድቡ የማመንጨትን ጥያቄ ይመልሳል፤ ከሰብስቴሽን እስከ ሰፈር፣ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ሌላ ሥራ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራም አይደለም።

የሌሊት ኃይል ግን አለ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ግማሽ ሥራ ፈት ነው፤ ግድቡም ውኃውን አያቆምም። ሌሊት የሚሰካ ሰው በቅናሽ ቢከፍል ብዙው ችግር በራሱ ጊዜ ይቀልላል። መኪኖቹም የሰዓት ማስተካከያ አላቸው፤ ችግሩ ስክሪናቸው ቻይንኛ መሆኑ ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ በካሜራው እያስተረጎምኩ ሰዓቱን አስተካክልላቸዋለሁ፤ ባለቤቱ ከጎኔ ቆሞ «እንዲህም ያደርጋል እንዴ!» ይለኛል። ይህች ሁለት ደቂቃ የምትወስድ ነገር መኪናው ሲሸጥ መሠራት ነበረባት።

ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ችግር አለበት። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ሄዳችሁ ማታ ላይ ዞር ዞር በሉ። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት የተወረወረ ኤክስቴንሽን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አልፎ፣ በአጥሩ ሥር ተሽሎክሉኮ መኪና ጋ ይደርሳል። ሶኬቱ መሬት ላይ በፌስታል ተጠቅልሏል። ኮሚቴው ይህን ሲያይ ይከለክላል፤ ልክ ነው። ባለ መኪናው «ታዲያ በሕጋዊ መንገድ ከቆጣሪዬ እስከ ማቆሚያው መስመር ልዘርጋ» ሲል ግን ኮሚቴው አሁንም ይከለክላል፤ ይህ ልክ አይደለም። ማቆሚያው የጋራ ነው፣ ግድግዳው የጋራ ነው፣ ለአንዱ ከተፈቀደ ሁሉም ይመጣል ይላሉ። ይምጣ! የሚመጣ ከሆነ አብሮ ማቀድ ነው የሚሻለው። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መገልገያን ለማኅበሩ ሰጥቷል፤ ያኔ መኪና ይሰካል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንደኛው ኃይሏን በአብዛኛው ከውኃ የምታገኘው ኖርዌይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሸጠቻቸው አዳዲስ አውቶሞቢሎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የኤሌክትሪክ የሆኑባት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራ ላይ ባዋለችው የጋራ መኖሪያ ሕግ የሕንፃው ቦርድ በቂ ምክንያት ከሌለው ቻርጀር መትከልን እንዳይከለክል አድርጋለች። የሚከፍለው ጠያቂው ነው፤ ማኅበሩ ቦታውንና አሠራሩን ይወስናል። ለኛም የሚበቃን ይህችው አንድ አንቀጽ ናት።

የምንሰማው ዜና ግን ስለ ፈጣን ማደያ ነው። ይሁን፤ ለረጅም መንገደኛና ለራይድ ሹፌር ያስፈልጋል፤ ወደ ጅማ ወይም ወደ አምቦ የሚወጣ ሰው ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው መኪናውን ማታ ቤቱ አቁሞ ጠዋት ተሞልቶ ማግኘት ነው የሚፈልገው። አንድ ፈጣን ማደያ የሚፈጀው ትራንስፎርመርና ኬብል ለስንት ሰፈር ምሰሶ ይበቃ እንደነበር ባለሙያ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ቢጠይቁኝ የምጀምረው ከታርጋ ነው። መኪናው ታርጋ ከማግኘቱ በፊት ባለቤቱ የት እንደሚሰካ ይጠየቅ። ቤቱ ከሆነ፣ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ቦርዱን፣ መስመሩንና ግራውንዱን አይቶ የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ያቅርብ። የወረቀቱ ቅጂ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ይድረስ፤ በየትኛው ትራንስፎርመር ላይ ስንት መኪና እንዳለ መዝገብ ይኑር። ዛሬ ቴስተር በኪሱ የያዘ ሁሉ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የሱ ሥራ ሲበላሽ የሚጠየቅ የለም። ፈርሞ ከሆነ ይጠየቃል። የኔም ስም ይጻፍበት፤ አልፈራም።

ሻጮች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። «ወረቀት ስትጨምር ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ወረቀቱም በጉቦ ይገኛል» ይሉኛል። የሁለተኛውን ስጋት እጋራለሁ፤ ለዚህ ነው ፊርማው ከነ ፎቶው፣ ከነ ልኬቱ ቁጥር ይሁን የምለው። ግራውንዱ ስንት አነበበ፣ መቼ ተለካ፣ ብሬከሩ ስንት አምፔር ነው፤ ውሸቱ በሚቀጥለው ልኬት ይጋለጣል። የመጀመሪያውን ግን አልቀበልም። የመዳብ ዘንጉ፣ የሊኬጅ ብሬከሩ፣ ሃያ ሜትር ባለ 6 ኬብልና የኔ የእጅ ዋጋ ተደምሮ ለዚያ መኪና ጎማ ከሚከፈለው የሚበልጥ አይመስለኝም። ይህን ከፍሎ መሰካት የከበደው ሰው የጎረቤቱን ፍሪጅ እንዲከፍል አልጠየቅነውም፤ ገና።